ለ«አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ባዮች

«አንድ ሰዓት ብቻ ነው የጠፋው፤ ምን ያንጫጫችኋል?»

የማን አንድ ሰዓት ነው ጌታው? ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዶ ቤቱ ባዶ ሳለ የጠፋ አንድ ሰዓትና ዓርብ ሻባት ሊገባ ሲል የጠፋ አንድ ሰዓት በሰዓት ቆጠራ እኩል ናቸው፤ በኪሳራ ግን አይተዋወቁም። እዚህ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ (ቫቭ ሰፈር) ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምጣዱ ተጥዷል፣ ዳቦው እየተጋገረ ነው፣ ዱዱ የገላ ውኃ ያሞቃል፣ ማሞቂያው ፕላታ የሻባትን ምግብ ሊሸከም ተዘጋጅቷል። ያኔ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይፈሳል፣ ዶሮው ሳይበስል ይቀራል። ሻባት ከገባ በኋላ መብራቱ ቢመለስም ሻባት አክባሪ ቤት ጥሬውን አንስቶ አይጥድም። በኤሌክትሪክ ኩባንያው መዝገብ ላይ «60 ደቂቃ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ቤተሰብ ያጣው ግን የአንድ ሙሉ ቀን ትኩስ ምግብ ነው።

«ቢጠፋስ? ያልተጠቀምንበትን አንከፍልም። እንዲያውም ተረፈልን።»

ተረፈልን የሚሉት ሳንቲም ነው። እስራኤል ውስጥ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከአንድ ሰቅል በታች ነው። እሱ ግን መብራቱ ሲመጣ የሚከፈለው ዋጋ ነው። ሲቀር የሚጠፋው ሌላ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለብሪታንያ መንግሥትና ለኃይል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሠራ ጥናት ቤተሰቦችንና አነስተኛ ድርጅቶችን ጠይቆ ነበር። በክረምት የሥራ ቀን፣ ፍላጎቱ ጣራ በሚነካበት ሰዓት፣ ሳይደርስ የቀረ አንድ ሜጋዋት ሰዓት ወደ 17,000 ፓውንድ የሚጠጋ ጉዳት አለው ብሎ ገመተ። በኪሎዋት ሰዓት ሲመነዘር 17 ፓውንድ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የብሪታንያ ቤተሰብ ለዚያው ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 15 ፔንስ አካባቢ ነበር። ሲመጣ 15 ፔንስ፣ ሲቀር 17 ፓውንድ! መቶ እጥፍ ያለፈ ልዩነት ነው። ስለዚህ «አልከፈልንም» የሚል ሰው የሒሳቡን ትንሿን ጫፍ ይዞ ነው የሚከራከረው።

ስለ አገር ቤትም እንዲሁ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት የኢትዮጵያ ፋብሪካዎችን «መቆራረጡ እንዲቀንስላችሁ ምን ያህል ትከፍላላችሁ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ራሱ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ለፋብሪካ ኃይል ሲቋረጥ ኪሳራው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ገና በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወድቀው ነው፦ ማሽን ውስጥ የደረቀ ፕላስቲክ፣ መሐል ላይ የተበጠሰ ክር፣ እንደገና ከዜሮ የሚጀመር ሙቀት። ሁለተኛው በየደቂቃው የሚጨምረው ነው፦ ቁጭ ብሎ ደመወዝ የሚቆጥር ሠራተኛ፣ ጄኔሬተር የሚበላው ናፍጣ፣ ቀኑ ያለፈበት ርክክብ። አሥር ጊዜ ለስድስት ስድስት ደቂቃ መጥፋትና አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት መጥፋት በድምር እኩል ናቸው። ለባለ ሽመና ማሽኑ ግን አሥሩ ይገድለዋል። ለባለ ሥጋ ቤቱ ደግሞ ግድ የሚሰጠው አንዱ ረጅሙ ነው።

«በአማካይ እኮ ለአንድ ደንበኛ በዓመት የሚጠፋው ጥቂት ነው። ሪፖርቱን አንብቡ።»

አንብበናል። አሁን ደግሞ ሪፖርቱ እንዴት እንደሚሰላ እናንብብ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች አስተማማኝነታቸውን የሚለኩት በዋናነት በሁለት ቁጥሮች ነው። አንዱ ሳይዲ ይባላል፤ መብራት የጠፋባቸውን ደንበኞች በጠፋባቸው ደቂቃ አባዝቶ ለደንበኞች ጠቅላላ ቁጥር ማካፈል ነው። ሌላው ሳይፊ ነው፤ እሱ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደጠፋ ይቆጥራል። በስሌቱ ውስጥ ውሸት የለም። የሚደብቀው ነገር ግን አለ።

1,000 ደንበኞች ያሉበትን ሰፈር እንውሰድ። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 100 ቤቶች ለ10 ሰዓት ጨለሙ፤ 900ዎቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠፋባቸውም። ሳይዲ ስንት ይላል? 60 ደቂቃ። አሁን ደግሞ ለ1,000ዎቹም እኩል አንድ አንድ ሰዓት ጠፋ እንበል። ሳይዲ ያው 60 ደቂቃ ነው። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። በሁለተኛው ታሪክ የማንም ወተት አልተበላሸም። በመጀመሪያው ግን መቶ ቤተሰብ የፍሪጁን ምግብ ሰብስቦ ይጥላል። በሪፖርቱ ላይ ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው፤ በኩሽና ግን ሰማይና ምድር።

ገና አልጨረስኩም። በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ መሐንዲሶች መስፈርት ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ መቋረጥ ከሳይዲ ውጭ ነው፤ የሽመና ማሽኑን የሚገድለው ግን እሱ ነው። ያው መስፈርት ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ቀኖች ከዓመቱ ስሌት ለይቶ ማውጣትንም ይፈቅዳል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አንድ ማዕበል የዓመቱን የጥገና ሥራ ሁሉ እንዳያደበዝዘው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ኢየሩሳሌም ላይ በረዶ ወርዶ ዛፍ በሽቦ ላይ ሲወድቅ በብርድ ለቀናት ያለ መብራት የቆዩት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 መጨረሻ በሻሮን ከተሞች ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ቀን ቆጥረው የጠበቁት ቤቶች፣ ዋናውን ኪሳራ የከፈሉት በእነዚያ ቀናት ነው። ሰው አብዝቶ የተጎዳበትን ቀን ወደ ጎን ትቶ የሚሰላ አማካይ ለመሐንዲሱ ይጠቅመው ይሆናል። ለተጎዳው ሰው መልስ አድርጎ ማቅረብ ግን ነውር ነው።

«እናንተ እኮ ከኩራዝ ነው የመጣችሁት። ለአንድ ማታ ጨለማ ይህ ሁሉ ዋይታ ምንድን ነው?»

ይህችን በየጊዜው እሰማታለሁ፤ አንዳንዴ ከውጭ ሰው፣ አንዳንዴ ከራሳችን ወጣቶች አፍ። አዎ፣ ከኩራዝ መጥተናል፤ አናፍርበትም። የኩራዙ ቤት ግን ለኩራዝ የተሠራ ቤት ነበር። በጎንደር ገጠር፣ በአምቦበርም በወለቃም፣ ውኃው ከምንጭ በእንስራ ይመጣ ነበር፤ ከምጣዱ ሥር እንጨት ይነድ ነበር፤ ሥጋው ቋንጣ ሆኖ ይሰቀል ነበር፤ በሩ በመወርወሪያ ይዘጋ ነበር። መብራት ስለሌለ የሚቆም ነገር አልነበረም፤ እናቶቻችን ያንን ኑሮ በብልሃት አደራጅተውት ነበርና።

ቫቭ ውስጥ ያለውን ቤት ደግሞ ይዩት። እንጀራው በኤሌክትሪክ ይጋገራል፤ በሩ በቁጥር ይከፈታል፤ ልጅ ወታደር ቤት ሆኖ የሚደውልበት ስልክ ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ከሁሉ በላይ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ በመጣው ማኅበረሰብ ውስጥ የስኳር በሽታ ከዓሊያ (ወደ እስራኤል ከመግባት) በኋላ እንዴት እንደተስፋፋ የእስራኤል ሐኪሞች ለዓመታት ሲጽፉበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በቤር ሼቫ በጋ ቀትር ላይ የውጭው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ማዝጋኑ (አየር ማቀዝቀዣው) የጠፋበት የላይኛው ፎቅ ክፍል ምን ያህል እንደሚደርስ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ስለዚህ ለእኛ እማማዎች መብራት ጠፋ ማለት ደረጃው ጨለመ፣ ክፍሉ ነደደ፣ የወሩ መድኃኒት አጠራጣሪ ሆነ ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ።

በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሰውንስ? ለእሱ የኪሳራ ስሌት አያስፈልግም፤ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሻባት ቢሆንም ስልኩን አንሱ፤ ፒኩአሕ ኔፌሽ ነው፤ ነፍስ ማዳን ሻባትን ይገፋል። ሐቭራት ሐሽማል (የእስራኤል ኤሌክትሪክ ኩባንያ) በመሣሪያ የሚኖሩ ሕሙማን የሚመዘገቡበት አሠራር አለው። ስንት የኛ ሽማግሌዎች ያውቁታል? ቅጹ በዕብራይስጥ ነው፤ የሚሞላው ልጅ ሲመጣ ነው። የሕንፃችሁ ኮሚቴ (ቫዓድ ባይት) ለጽዳት ገንዘብ ሲሰበስብ በየበሩ ይሄዳል። በዚያው መንገዱ «በመሣሪያ የሚተነፍስ፣ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍለዋል? ይህን ከመንግሥት በፊት ከራሳችን እጠብቃለሁ።

በኩራዝ የኖረ ሰው ስለ መብራት መጥፋት አያውቅም የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ኩራዝን አውርዶ ሕይወቱን ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ እንዲሰቅል የተነገረው ሰው፣ ያ ሽቦ እንዳይበጠስ የመጠየቅ መብቱ ከማንም አያንስም።

«ጥፋቱ የራሳችሁ ነው፤ ምጣድ፣ ዱድ፣ ማዝጋን አንድ ላይ ታበራላችሁ።»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለህ ወንድሜ፤ ግማሹን እቀበላለሁ። በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ቤት ባለ 25 አምፔር አንድ ፌዝ ነው። በ230 ቮልት ሲባዛ 5,750 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ዱዱ 2,500። ሁለቱ ብቻ 6,000 ሞሉ፤ ማዝጋኑ ሲጨመር ዋናው ብሬከር ይወድቃል። ያ የኔትወርክ መቋረጥ አይደለም። ከመደወልህ በፊት የደረጃውን መብራት እይ፤ የጎረቤትህን መስኮት እይ። እነሱ ጋ ካለ ችግሩ ያለው አንተው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ዱዱን አጥፍተህ ጋግር። ፓሐቱ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው መሣሪያ) በተደጋጋሚ የሚወድቅ ከሆነ ግን እየመለስክ አታስገድደው፤ ሰው እንዳይገድል የተሠራ መሣሪያ ነውና የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ሐሽማላይ) ጥራ።

የማልቀበለው ግማሽ ደግሞ ይኸውልህ። ወደ 40 አምፔር ወይም ወደ ሦስት ፌዝ ማሳደግ ክፍያ አለው፤ የቤቱንም ሽቦ በባለፈቃድ ባለሙያ ማስፈተሽ ይጠይቃል። ተከራይዋ ልትከፍል አትችልም፤ አከራዩ አይገደውም። ስለዚህ «ጥፋቱ የራሳችሁ» የተባለው ጥፋት የኪራይ ጉዳይ ሆኖ ያርፋል።

አገር ቤትም ይህችው ክስ ትሰማለች። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል፤ ወዲያው «ሕዝቡ አጨናነቀው» ይባላል። እህቴ፣ እንቁጣጣሽ መስከረም 1 እንደሆነ ማን ያልነገረው መሐንዲስ አለ? እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት የሚታወቅ፣ ምጣዱ የሚስበው ዋት የሚታወቅ፣ በትራንስፎርመሩ ሥር ያለው ቆጣሪ ብዛት የሚታወቅ ነገር ነው። በዚያ ሰዓት የሚሳበውን ዋት በቆጣሪው ብዛት አባዝቶ ከትራንስፎርመሩ አቅም ጋር ማስተያየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አስቀድሞ የሚታወቅ ጭነት አደጋ ተብሎ አይጠራም፤ ያልተሠራ ሥራ ነው።

«ቢያንስ እዚህ እስራኤል ሁሉም ሰው መብራት አለው።»

ሁሉም? ከቤር ሼቫ ወደ ደቡብ ጥቂት ንዳ። ራማት ሖቫቭ ጋ የኃይል ማመንጫ ታያለህ፤ ከጎኑ ዋዲ አል ናዓም የሚባል እውቅና ያልተሰጠው የበደዊ መንደር አለ። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በአጠገባቸው ያልፋል። እነሱ ግን ከኔትወርኩ ጋር አልተገናኙም፤ በሶላርና በጄኔሬተር ነው የሚኖሩት። ሳይዲ ስለ እነሱ ምን ይላል? ምንም። ስሌቱ የሚቆጥረው ደንበኛን ነው፤ ሽቦ ያልደረሰው ሰው ደንበኛ አይደለም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያለ ኔትወርክ መብራት ቢያድር በአስተማማኝነት ሪፖርት ላይ አንዲት ደቂቃ አይጨምርም።

ይህን ከማንም ይልቅ እኛ ልንረዳው ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም መሠረት በጊዜው መብራት የሚያገኘው ሕዝብ 44 በመቶ ነበር፤ ከዋናው መስመር የሚያገኘው ደግሞ 33 በመቶ። ለቀሩት «መብራት ጠፋ» የሚለው ዜና ራሱ ሩቅ ነው። ስለ አስተማማኝነት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከአማካዩ ጎን «ከዚህ ስሌት ውጭ ያሉት እነማን ናቸው?» የሚል መስመር ሊጨምር ይገባዋል።

«ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ታዲያ እናቴ ቤት መብራት ለምን ይጠፋል?»

ከጎንደር በስልክ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ግድቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ የሕዝብ ላብ የሠራው ነገር ነው፤ አንዲት ቃል አልቀንስበትም። ነገር ግን ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት ወጥቶ፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው እየወረደ፣ በ33 ወይም በ15 ኪሎቮልት ወደ ሰፈር ገብቶ፣ በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ተቀይሮ ነው እናትህ ቆጣሪ የሚደርሰው። ጎተራው ሞልቶ ወፍጮው የተሰበረበት ቤት እንጀራ አይበላም። በዓለምም ቢሆን ደንበኛ ከሚያጋጥመው መቋረጥ አብዛኛው የሚነሳው ከማመንጫው አይደለም፤ ከመጨረሻዎቹ ኪሎሜትሮች ነው፤ ከምሰሶው፣ ከሽቦው፣ ከፊውዙ፣ ከትራንስፎርመሩ።

ሁለቱን በሽታዎች አንለውስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በኢትዮጵያ የመብራት ፈረቃ ሲታወጅ የጎደለው 476 ሜጋዋት እንደሆነ ተነግሮ ነበር፤ ምክንያቱ የግልገል ጊቤ 3 ውኃ መቀነስ ነበር፤ ወደ ሱዳን የሚሸጠውም ቆመ። ያ የማመንጨት እጥረት ነው፤ ግድብ ያድነዋል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚነካካ ሽቦና የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ግን በግድብ አይድኑም። የታሪፉንም ታሪክ እናስታውስ፦ ከ2006 እስከ ታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ዋጋው ሳይነካ ቆየ። ለሕዝብ የታዘነ ይመስላል። ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ሲመነምን ግን ሕዝቡ ልዩነቱን በሻማ፣ በናፍጣና በተቃጠለ ፍሪጅ ከፈለው። የብረት ምሰሶ አካል ፈትቶ የሚሸጥ ሌባ አለ፤ እሱንም በሕግ ይዞ መጠየቅ ይገባል። ሌባው ግን የበሰበሰውን እንጨት አላበሰበሰም።

«እኔ አቅራቢ ቀይሬያለሁ። በቅናሽ ገባሁ፤ ከእንግዲህ አይጠፋብኝም።»

ቅናሹን ተቀበል፤ ገንዘብህ ነው። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእስራኤል ቤተሰብ ሁሉ ከግል አቅራቢ መግዛት ይችላል። ሽቦው ግን ያው ነው፤ ምሰሶው ያው፤ ሲጠፋ የምትደውልበት 103 ያው። የተለወጠው ሒሳቡን የሚልክልህ ብቻ ነው።

«ዝናብ ነው፤ አቧራ ነው፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

እግዚአብሔር ዝናብ ያዘንባል፤ ኢንሱሌተር ማጠብ ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው። ኔጌቭ ውስጥ በጋው ሙሉ ደረቅ ነው፤ የበረሃው አቧራ ሽቦውን ከምሰሶው በሚለየው በኢንሱሌተሩ ላይ ይጋገራል። ጤዛ ወይም ዮሬ፣ የመጀመሪያዋ ዝናብ፣ ስትነካው አቧራው ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብልጭ ይልና መስመሩ ይወድቃል። ዝናቡ ጠንክሮ ሲዘንብ እንዲያውም ያጥበዋል፤ ጠላቱ ያቺ ትንሿ ካፊያ ናት። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሐቭራት ሐሽማል ዋና ዋና መስመሮቹን በሄሊኮፕተር ውኃ እየረጨ ያጥባል። ስለዚህ በየዓመቱ በመጀመሪያዋ ካፊያ የሚወድቅ መስመር ካለ ጥያቄው ወደ ሰማይ አይሄድም። መቼ ታጠበ? የሚለው ጥያቄ ይበቃል።

ሙቀትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 መግቢያ፣ ባልተለመደ ሙቀት ቀን፣ በእስራኤል በርካታ ቦታዎች መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰኔ በጋ እንደሆነ፣ በበጋ ማዝጋን እንደሚበራ የሚታወቅ ነው።

«እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያ ሰፈር ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም። ከመጥፋቱ የሚያጡት ትንሽ ነው።»

አሁን የነገሩ ሥር ላይ ደረስን፤ ይህችን ቀስ ብዬ ነው የምመልሳት። ኔትወርክን አስተማማኝ ማድረግ ይቻላል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚመገበውን መስመር ከሁለት ወገን እንዲመገብ ማድረግ፣ ብልሽቱን ቆርጦ ሌላውን የሚያድን አውቶማቲክ ማብሪያ ማጥፊያ መትከል፣ ሽቦን መሬት ውስጥ መቅበር፤ ሁሉም ይታወቃል፤ ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ እቅድ አውጪው «የት ላይ ባውለው ብዙ ኪሳራ ይድናል?» ብሎ ይጠይቃል። እስከዚህ ትክክል ነው። ችግሩ ኪሳራው የሚለካበት መንገድ ነው። ሰዎችን «መብራት እንዳይጠፋባችሁ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብለህ ስትጠይቅ፣ ሰቅል የሞላው ብዙ ይላል፤ ከጡረታዋ ኪራይ ከፍላ የሚተርፋት ጥቂት የሆነ እማማ ትንሽ ትላለች። ትንሽ ያለችው ፍሪጇ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ከሀብታሙ ወይን ስለሚያንስ አይደለም። ኪሷ ስለሚያንስ ነው። ያ መልስ «የሰፈሩ ኪሳራ ዝቅተኛ» ተብሎ ሲመዘገብ ድህነቷ ሁለት ጊዜ ተፈረደባት፤ አንዴ በኑሮዋ፣ አንዴ በሽቦዋ።

ባለ ጄኔሬተሩና ባለ ባትሪው ቤት መብራት ቢጠፋ ራሱን ያበራል። የዋስትና ሽቦ አብዝቶ የሚያስፈልገው ምንም ምትክ ለሌለው ቤት ነው። ስለዚህ ኪሳራ ሲሰላ ከሚከፈለው ገንዘብ ጎን የሚጠፋው ነገር ይቆጠር፦ ስንት የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ስንት ከ75 ዓመት በላይ ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ስንት ፍሪጅ ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ ስንት ቤት ውስጥ ምግብ ጋግሮ ሸጦ የሚያድር ቤተሰብ። ይህ ስሜት አይደለም፤ ቁጥር ነው፤ ሊቆጠር የሚችል ቁጥር።

ኪሳራው የኩባንያው እንዲሆን ማድረግም ይቻላል። ኖርዌይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይደርስ የቀረው ኃይል ደንበኞችን ያስከፈለው ወጪ ተሰልቶ ከአከፋፋዩ የተፈቀደ ገቢ ላይ እንዲቀነስ አድርጋለች። ኢጣሊያም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተሻለ አገልግሎት ጉርሻ፣ ለባሰው ቅጣት የሚሰጥ ሥርዓት ዘርግታለች። በጨለማው ሰዓት የሚከስረው ደንበኛው ብቻ ሲሆን ትራንስፎርመሩን የመቀየር ችኮላ የደንበኛው ብቻ ይሆናል። አከፋፋዩም አብሮ ሲከስር ጥገናው በሰዓቱ ይመጣል።

«ደወልኩ፤ ‹እያየነው ነው› አሉኝ። ከዚህ በላይ እኔ ምን ላድርግ?»

ጻፉት እማማ። ወይም ለልጅ ልጅዎ ይንገሩትና ስልኩ ላይ ይጻፍልዎ፦ ቀኑን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ ያበላሸውን። ከፎቅዎ፣ ከሕንፃዎ፣ ከመንገድዎ ሰው ጋር አንድ ላይ ያድርጉት። የአንድ ሰው ስሞታ ይረሳል፤ የአንድ መንገድ የዓመት መዝገብ ግን ማዘጋጃ ቤቱም፣ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም በእጁ ይዞ «የለም» ሊለው አይችልም። ጥያቄያችሁም ግልጽ ይሁን፦ የአገሩን አማካይ አንፈልግም፤ የዚህን ሰፈር፣ የዚህን መስመር፣ የዚህን ትራንስፎርመር ደቂቃ ስጡን፤ ከአሌፍ፣ ከዳሌት፣ ከራሞት ሰፈሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ዝም እንላለን። እኩል ካልሆነ ደግሞ የሚቀየረው ትራንስፎርመር የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት በጀት እንደሚገባ በጽሑፍ ይነገረን።